ከመቁረጥ በፊት ያለችው ደቂቃ

ልጃችን በተወለደ በስምንተኛው ቀን ለግርዛት ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን፤ ሳይገረዝም ይዘነው ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፏል። ልጁ በኋላ ከተደረገለት ቀዶ ሕክምና አገግሞ፣ እየተነሣና እየወደቀ መራመድ ጀምሯል። እኔ ግን ያቺን ቀን ማሰብ አልተውኩም። የሚከነክነኝ ልጃችን ከነችግሩ መወለዱ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በማንም ቤት ይደርሳል። የሚከነክነኝ፣ ችግሩ የታወቀው በአንዲት ነርስ የግል ጥንቃቄ ብቻ መሆኑ ነው። እርሷ ቆም ብላ የማየት ልማድ ባይኖራት ኖሮ፣ በእኛ ቤትም ሆነ ልጁ በተወለደበት ሆስፒታል ያንን መቁረጥ የሚያስቆም ሌላ ነገር አልነበረም።

ስለ ወንድ ልጅ ግርዛት ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ያርፋል። ዛሬ ወደዚያ ክርክር አልገባም። በአገራችን ከ10 ወንዶች 9 ያህሉ የተገረዙ ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ያስገርዛል፣ ነገም ማስገረዙን አይተውም። ስለዚህ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህን ያህል የምንፈጽመውን ነገር እንዴት ነው የምንፈጽመው?

ስምንተኛው ቀን

ባለቤቴ ስትወልድ እናቷ ከጎጃም መጥተው አብረውን ሰነበቱ። ገንፎውን የሚያገነፉት፣ አጥሚቱን የሚያዘጋጁት፣ ጠያቂውን የሚቀበሉት እርሳቸው ነበሩ፤ ቀኑንም የሚቆጥሩት እርሳቸው ነበሩ። በስምንተኛው ቀን ግርዛት፣ በአርባኛው ቀን ክርስትና፤ በእማማ ዘንድ ይህ ለውይይት የሚቀርብ ጉዳይ አልነበረም፣ እኛም ልናወያያቸው አላሰብንም።

አስቀድሜ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሣው ሰው ዋጋውን ነገረኝ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ መሆኑን ነገረኝ፣ ጠዋት ብንመጣ ወረፋ እንደማይኖር ነገረኝ። ስለ ልጁ ግን ምንም አልጠየቀኝም፤ ክብደቱን፣ በወራቱ ተወልዶ እንደ ሆነ፣ ቢጫ ሆኖ እንደ ሆነ፣ ሽንቱን እንዴት እንደሚሸና አንዱንም አልጠየቀኝም። ወደዚያ ያልሄድነው ግን በዚህ ምክንያት አልነበረም። ጎረቤታችን ሁለቱንም ወንዶች ልጆቿን ያስገረዘችው በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ስለ ነበር፣ «ሲስተርን ጠይቁ፣ እጇ ቀላል ነው» አለችን፤ ባለቤቴም ይህን መረጠች።

ሲስተር በዕድሜ የበሰለች ሴት ናት። ዕቃዋን በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ደርድራ፣ ማደንዘዣውን በትንሽ መርፌ ቀድታ ጠበቀችን። ልጁን አስተኝተን ስንፈታታው እጇን ወደ መርፌው አልሰደደችም፤ ባለቤቴን ትጠይቅ ጀመር። ሲወለድ ጭኑ ላይ መርፌ ተወግቷል? ወንድሞችሽ ሲገረዙ ወይም ጥርስ ሲነቀሉ ደም አልቆም ያለው አለ? የእኔን ወንድሞች ሳይሆን የእርሷን ወንድሞች መጠየቋ ያን ጊዜ ገርሞኝ ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቶ ነው፤ ሄሞፊሊያ የሚባለው ደም ያለመርጋት ሕመም በእናት በኩል ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ የሕፃኑን ዕጣ ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚናገሩት አጎቶቹ ናቸው።

ከዚያም «ሲሸና አይተሽዋል?» አለቻት። ባለቤቴ ሳታስብ መለሰች፤ «አዎ፣ ወደ ታች ነው የሚሸናው፤ ሁልጊዜ እግሩን ያርሰዋል።»

ሲስተር በላይዋ ያለውን መብራት ወደ ታች ሳበችው። የልጁን ብልት በሁለት ጣቷ ቀና አድርጋ፣ ከላይ አየችው፣ ከሥር አየችው፣ እንደ ገና ከሥር አየችው። ሸለፈቱ በላይ በኩል ተትረፍርፎ ተከማችቷል፤ በታች በኩል ግን የለም። ከአጠገቧ የቆሙት እማማም ይህን አይተው፣ በደስታ ድምፅ «እሰይ፣ እኩሉን ተገርዞ ነው የተወለደው! የእግዜር ሥራ እኮ ነው» አሉ።

«እማማ፣» አለች ሲስተር፤ «እኔም የእግዜር ሥራ ስለ ሆነ ነው የማልነካው። ዛሬ አልገርዘውም።»

መርፌውን ወደ ትሪው መለሰችው። ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ እኔ ዞራ «አባቱ፣ ቀረብ ብለው ይዩ» አለችኝ። የሽንቱ ቀዳዳ በጫፉ ላይ አልነበረም፤ ከጫፉ ዝቅ ብሎ በሥር በኩል ተከፍቷል። ካላሳዩት ሰው የማያየው፣ ካሳዩት በኋላ ግን እንዴት ሳላየው ቀረሁ የሚያሰኝ ነገር ነው። «ይህ ቆዳ ትርፍ አይደለም፤ ሐኪሙ በኋላ ቀዳዳውን የሚያስተካክለው በዚሁ ቆዳ ነው። እኔ ዛሬ ከጣልኩት፣ ነገ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ሊቆርጡለት ነው» አለችን። ከዚያ በኋላ ሪፈር ልትጽፍልን ተቀመጠች።

ያችን ደቂቃ ደጋግሜ የማስባት በእርሷ ላይ የነበረውን ግፊት ስለማውቅ ነው። ካርድ ወጥቷል፤ ተከፍሏል። ዕቃው ተከፍቷል፤ ማደንዘዣው ተቀድቷል። አያቱ በአጠገቧ ቆመው «የእግዜር ሥራ» እያሉ ይባርካሉ። አባቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። ደጅ ላይ ሌሎች እናቶች ተሰልፈዋል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ባለሙያ ሥራውን መሥራት ከመቼውም ይልቅ ይቀለዋል፤ መተው ግን ማስረዳት ይጠይቃል፣ ቅሬታ ያስከትላል፣ አንዳንዴም «አታውቅም» ያሰኛል። በወር መጨረሻ በሚላከው ሪፖርት ላይ የተገረዙ ሕፃናት ይቆጠሩ ይሆናል፤ መገረዝ ስላልነበረበት ያልተገረዘ ሕፃን የሚጻፍበት ዓምድ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ የዚያን ቀን ትልቁ ሙያዋ በየትኛውም መዝገብ ላይ የሚታይ አይመስለኝም፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ የሕክምና ሥራ ለቤተሰቤ ተሠርቶ አላውቅም።

ሸለፈቱ የሚፈለግበት ምክንያት

ሐኪሞች ይህን አፈጣጠር ሃይፖስፔዲያስ ይሉታል። እምብዛም የማይታይ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንድ ሕፃናት አንዱ ላይ እንደሚገኝ ያሳያሉ። ፅንሱ በእናቱ ማኅፀን ውስጥ ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የሽንት ቧንቧው ከሥር ወደ ጫፍ እየተገጣጠመ ይዘጋል፤ ይህንንም የሚመራው የወንዴ ሆርሞን ነው። መዝጋቱ ከመንገድ ከቆመ ቀዳዳው በቆመበት ቦታ ይቀራል፤ ሸለፈቱም በሥር በኩል ሳይገናኝ ይቀርና ሁሉም ወደ ላይኛው ክፍል ይሰበሰባል። በእማማ ዓይን ደስ የሚያሰኝ ምልክት የነበረው ነገር፣ በሲስተር ዓይን የጎደለውን ነገር የሚያመለክት ነበር። አንዳንዱ ሕፃን ላይ ብልቱ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ሌላው ላይ ቀዳዳው ይበልጥ ዝቅ ብሎ በቆለጡ አካባቢ ይገኛል።

በሪፈሩ የደረስንበት የሕፃናት ቀዶ ሐኪም መጀመሪያ ያደረገው ሁለቱም የዘር ፍሬዎች በቦታቸው መውረዳቸውን በእጁ ማረጋገጥ ነበር። ሃይፖስፔዲያስ ካልወረደ የዘር ፍሬ ጋር አብሮ ከተገኘ፣ ነገሩ የቀዳዳ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላልና የሆርሞንና የክሮሞዞም ምርመራ ያስፈልጋል። የእኛ ልጅ ላይ ሁለቱም ወርደው ነበር። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ላይ ሳለ ይሠራል፤ ያኔ ብልቱ ለመስፋት በቂ ይሆናል፣ ልጁም ሕመሙን በትዝታው ይዞ አያድግም ተብሎ ይታመናል። ሐኪሙ የሽንት ቧንቧውን እስከ ጫፍ ድረስ ሠርቶ፣ ከሸለፈቱ ውስጠኛ ክፍል ደም የሚመላለስበት ስስ ሽፋን አንሥቶ በስፌቱ ላይ ያለብሰዋል። ያ ሽፋን ከሌለ ስፌቱ ሊከፈትና ሽንት በሌላ ቀዳዳ ሊያፈስ ይችላል፤ ሐኪሞቹ ይህን ፊስቱላ ይሉታል። ቧንቧው ረዘም ብሎ መሠራት ካለበት ደግሞ ሸለፈቱ ራሱ የቧንቧው ግድግዳ ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ቆዳ ይስተካከልና ልጁ በዚያው ተገርዞ ይነሣል። የእኛም ልጅ እንዲህ ሆነ፤ ቀጭን የሽንት ቱቦ ለጥቂት ቀናት ተደርጎለት፣ ቱቦው ሲወጣ ሽንቱ ወደ ፊት ወረደ። ባለቤቴ አለቀሰች።

በዚያ ሆስፒታል መጠበቂያ ወንበር ላይ ከአንድ አባት ጋር ተዋውቄ ነበር። ልጁ ከእኛው ይበልጣል። የእርሱም ልጅ እንደ እኛው ልጅ ተወልዶ ነበር፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ሳምንት መገረዙ ብቻ ነው። የገረዘው ባለሙያ በላይ በኩል የነበረውን ቆዳ ቆርጦ፣ በሥር በኩል ያለውን ሳያይ አሸገው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ሽፋኑን ከከንፈሩ ውስጠኛ ክፍል ሊወስዱ ግድ ሆነባቸው፤ ሥራውም በአንድ ጊዜ የሚያልቅ አልነበረም። ያ አባት በማንም ላይ አልተቆጣም፤ «ግን እንዴት ሳያዩ?» እያለ ብቻ ይጠይቅ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ትንሽ የሚባለው ሥራ

የማይታየው ትንሽ ስለሚባል ይመስለኛል። ሆድ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ማንም ሳይመረምር አይጀምርም ነበር። ግርዛት ግን በቤት በምላጭ ሲደረግ የኖረ፣ ሁሉም ቤት የሚያውቀው፣ በቅቤና በጸሎት የሚድን ነገር ስለ ሆነ፣ ወደ ጤና ተቋም ሲገባም ያንኑ የትንሽነት ስሙን ይዞ ገባ። መሣሪያው ተለወጠ፣ ቦታው ተለወጠ፤ «የአሥር ደቂቃ ነገር ነው» የሚለው አስተሳሰብ ግን አብሮ መጣ።

ሕፃኑን በደሙ መጠን ብናስበው ትንሽነቱ ይጠፋል። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ከአራት የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። ዳይፐር ላይ እየተንጠባጠበ ሌሊቱን ያደረ ደም ለአዋቂ ምንም ነው፤ ለእርሱ ግን ሕይወቱ ነው። ሲስተር ስለ ጭኑ መርፌ የጠየቀችው ለዚህ ነበር። ሕፃን ሲወለድ ደም ለማርጋት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኬ በሰውነቱ ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ እንደ ተወለደ 1 ሚሊ ግራም ይወጋል። በዚህ እጥረት የሚመጣው መድማት በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ መርፌውን ያልተወጋና ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ግን ሳምንታት ካለፉ በኋላም ሊደማ ይችላል። ስለዚህ ስምንት ቀን መቆጠሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሕመሙም እንዲሁ ለረዥም ጊዜ ችላ ተብሎ ኖሯል፤ እዚህም ላይ ችላ ያለው ባህል ብቻ አይደለም። በሠለጠኑት አገሮች ሆስፒታሎችም ጨቅላ ሕፃን ሕመም በቅጡ አይሰማውም እየተባለ ያለ ማደንዘዣ ይገረዝ ነበር። ይህን አስተሳሰብ በብርቱ ያናጋው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የሁለት ሐኪሞች ጽሑፍ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በካናዳ የተደረገ ጥናት ደግሞ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ሕፃናት ከወራት በኋላ ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት ይልቅ አምርረው እንደሚያለቅሱ አሳየ። ሰውነት ሕመሙን ይዞት ይቆያል ማለት ነው። በብልቱ መነሻ ላይ ግራና ቀኝ የሚሰጥ ሊዶኬይን የሚባል ትንሽ ማደንዘዣ፣ እስኪሠራ ድረስም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይህን ሁሉ ይቀንሳል። መርፌውን ወግቶ ወዲያው የሚቆርጥ ሰው ግን ማደንዘዣ ሰጠሁ ማለት አይችልም።

መሣሪያውም የራሱን ዕውቀት ይፈልጋል። አንዳንዱ የብልቱን ጫፍ በብረት ሸፍኖ እየጠበቀ ሸለፈቱን በዙሪያው ይቆርጣል፤ አንዳንዱ በፕላስቲክ ቀለበት አሥሮ ቆዳው በሳምንት ገደማ ውስጥ ራሱ እንዲወድቅ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሸለፈቱን ጨምቆ ይይዝና ቆራጩ ጫፉን ሳያይ በላዩ ይቆርጣል። በዚህ በመጨረሻው ዓይነት የብልታቸው ጫፍ አብሮ የተቆረጠባቸው ሕፃናት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 በካናዳ ዊኒፔግ አንድ የስምንት ወር ሕፃን በኤሌክትሪክ በሚያቃጥል መሣሪያ ሲገረዝ ብልቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ላይ የደረሰውን መከራ ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ሥራ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ግን መማር ማለት መቁረጥን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማይቆረጥም መማር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ጨቅላ ሕፃናት ግርዛት ያወጣው መመሪያ ገና ሳይቆረጥ መታየት ያለበትን በዝርዝር ይናገራል። ያለ ወራቱ የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ፣ ቢጫ የሆነ፣ ትኩሳት ያለበት፣ ብልቱ የጎበጠ ወይም ቀዳዳው ቦታውን የለቀቀ ሕፃን ይቆይ ይላል። ሐኪማችን በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ሸለፈቱ ከውጭ ሲታይ ሙሉ ሆኖ፣ ችግሩ ከሥሩ የተደበቀባቸው ሕፃናት አሉ። የጨቅላ ሕፃን ሸለፈት በተፈጥሮው ከጫፉ ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ ቀዳዳው የሚታየው ከተላቀቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ያያል፤ ሳይጀምር አንድ ጊዜ፣ አላቅቆ ሳይቆርጥ ሌላ ጊዜ። ሁለተኛው ላይ ችግር ካየ ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው አይልም፤ እዚያው ያቆማል።

አንድ ነገር ሳስበው ያሳዝነኛል። በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ በኬንያ ኪሱሙና በኡጋንዳ ራካይ ተደርገው ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በታወቀ ጥናቶች ግርዛት ወንዶች ከሴቶች በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድላቸውን 60 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ተቀብሎ፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች ግርዛት በዘመቻ መሰጠት ጀመረ። ከዘመቻው ጋር ሥነ ሥርዓቱም መጣ፤ አስቀድሞ ምርመራ፣ ማደንዘዣ፣ የሠለጠነ እጅ፣ በሁለተኛው ቀንና በሳምንቱ ተመልሶ መታየት። በእኛ አገር ዘመቻው የደረሰው ግርዛት እምብዛም ባልተለመደበት በጋምቤላ ነው። የቀረነው ቀድመን ተገርዘን ስለ ነበር አልደረሰንም፤ ያ ጥንቃቄም አብሮ ሳይደርሰን የቀረ ይመስለኛል። ልማዱ በጸናበት ቦታ ሁሉ «እናውቀዋለን» የሚለው ሐሳብ ትምህርቱን አስቀድሞ ይዘጋዋል።

ቀኑ ቢያልፍስ

ከጤና ጣቢያ ስንመለስ እማማ በመንገድ ላይ ዝም አሉ። ቤት ከገባን በኋላ ነው «ስምንተኛው ቀን አለፈው እኮ፤ ምን ይሉናል?» ያሉት። ጭንቀታቸው እውነተኛ ነበር፤ ከልጅ ልጃቸው ፍቅር የመነጨ ስለ ነበርም ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። የንስሐ አባታችንን ጠራናቸው።

አባ ነገሩን በትዕግሥት ሰሙ። የልጁ ክርስትና በአርባኛው ቀን እንደሚሆን፣ ግርዛቱ መዘግየቱ እንደማያግደው ነገሯቸው። ከዚያም ስለ ዐፄ ገላውዴዎስ አወሩላቸው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1555 ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን የኢትዮጵያን ክርስቲያኖች ወደ አይሁድ ሕግ ታዘነብላላችሁ እያሉ በነቀፏቸው ጊዜ የሃይማኖታቸውን መግለጫ ጽፈው ነበር። በዚያም የቅዱስ ጳውሎስን ትምህርት እንደሚያውቁ፣ የሚገረዙትም እንደ አይሁድ ለሕግ ሳይሆን በአገር ልማድ መሆኑን፣ ይህም በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ መሆኑን ገልጸዋል። «ጥር 6 የጌታችንን ግዝረት እናከብራለን፤ ልጁ ግን እስኪድን ቢቆይ ኃጢአት የለበትም» አሉ አባ።

ስምንተኛውን ቀን በሕግ አጥብቀው የያዙት አይሁድ እንኳ የታመመ ሕፃን እስኪድን ግርዛቱ እንዲቆይ ይደነግጋሉ። የሊቃውንቶቻቸው የሕግ መጽሐፍ በሆነው በታልሙድ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ፤ በገሊላዋ ሴፎሪስ ከተማ ከነበሩ አራት እኅትማማቾች የመጀመሪያዋ ልጅ ተገርዞ ሞተ፣ የሁለተኛዋም ሞተ፣ የሦስተኛዋም ሞተ። አራተኛዋ ወደ ሊቁ ስምዖን ወልደ ገማልያል ስትመጣ «አትግረዢው» አላት። ስለ ደም መርጋት ዘመናዊ ዕውቀት ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በእናቶች በኩል የሚመጣውን አደጋ አይቶ ቢላዋውን ያስቆመ ሰው ነበረ ማለት ነው። ሲስተር ባለቤቴን ስለ ወንድሞቿ ስትጠይቅ ያደረገችው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

እማማ በመጨረሻ «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ለጠየቃቸው ዘመድ ሁሉ መልስ የሚሰጡት እርሳቸው ሆኑ፤ «ሐኪም ይቆይ ብሏል» ይሉ ነበር፣ ማንም ተከራክሯቸው አላየሁም።

ገራዡ

እማማ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያደረጉትን በስልክ ሰማሁ። በመንደሩ ሕፃናትን የሚገርዙ አንድ አዛውንት አሉ፤ የባለቤቴን ወንድሞች የገረዙ እርሳቸው ናቸው። እማማ ሄደው የልጁን ነገር ነገሯቸው፤ እንዴት እንደሚታይም አስረዷቸው። አዛውንቱ ብዙ ካሰቡ በኋላ እንዲህ ያለ ልጅ ከአንድም ሁለት ጊዜ በእጃቸው እንደገባ፣ ከሥር ባዶ መሆኑን አይተውም ከላይ ያለውን ብቻ ቆርጠው እንደ ጨረሱ ነገሯቸው። በዚያው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተጠርታ መጣች፤ እንዲህ ያለ ልጅ ካጋጠማቸው ሳይነኩ ወደ እርሷ ሊልኩ ተስማሙ።

ይህ ስምምነት በአንድ መንደር ብቻ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ሕፃን በተወለደበት ቀን ከራሱ እስከ እግሩ ሲመረመር የሽንቱ ቀዳዳና ሁለቱ የዘር ፍሬዎች መታየታቸው በካርዱ ላይ ይጻፍ። ይህ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ መስመርና አንድ ደቂቃ ነው የሚጠይቀው። ያ መስመር በእኛ ልጅ ካርድ ላይ ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በሲስተር ንቃት ላይ ባልተንጠለጠለ ነበር። በቤት የሚገርዙትንም ከመከልከልና ከመደበቅ ይልቅ ጠርቶ ማሳየት ይሻላል፤ አዛውንቱ ያላወቁት አልተነገራቸውምና ነው።

በልጅነታቸው እንዲሁ የተቆረጡትና ዛሬ ጎልማሶች የሆኑት ግን ይህ አይደርሳቸውም። ቁመው መሽናት የማይችሉ፣ ሽንታቸው የሚበተንባቸው፣ ስለ ትዳርና ስለ ልጅ ማውለድ በልባቸው እየተጨነቁ ለማንም ያልተናገሩ ወንዶች በመካከላችን አሉ። ከእነርሱ አንዱ ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ሐኪማችን የነገረኝን ልንገረው። በአዋቂነትም ቀዶ ሕክምናው ይሠራል። ሸለፈቱ ባይኖርም ከከንፈርና ከጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን ተወስዶ ቧንቧው ይሠራል። ከሕፃንነት ይልቅ ይከብዳል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያስፈልግ፣ ስፌቱም ሊያስቸግር ይችላል። የሚሠሩትም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪሞች ናቸው፤ በአቅራቢያው ካለ ጤና ተቋም ሪፈር አጽፎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ይችላል። ወንድ ልጅ ከወለደም ልጁን በመጀመሪያው ቀን ያስመርምር፤ በአባት ወይም በወንድም ላይ ከታየ በሚወለደው ላይ የመታየቱ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላልና።